ዩሱፍ ኮንቴነር ለምን ከሳ

ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ የነበረው የዩሱፍ ሱቅ አሁን የስልክ ሽፋን ይሸጣል። ባለፈው ሰሞን ከገጠር፣ ከዋሂል የመጣች አንዲት የድሮ ደንበኛው በሩ ላይ ቆማ፣ የተሰቀለውን ፕላስቲክ ሁሉ አንድ በአንድ ካየች በኋላ ወደኔ ዞረች።

«ቴምሩ የታለ? ሰውየውስ?»

«መልካ ጀብዱ ገብቷል» አልኳት፤ ከድሬ ወጣ ብላ ያለች መንደር ናት።

«ሞተ እንዴ?»

«ኧረ አልሞተም! መልካ ጀብዱ ነው ያልኩሽ።»

«እንጃ፣ እንደዚያ ከስቶ ካየሁት ወዲህስ...» ብላ ራሷን እየነቀነቀች ሄደች።

ገበያው ሁሉ የሚያስበው እንዲህ ነው። ሰው ከከሳ ወይ ታሟል፣ ወይ ከስሯል፣ ወይ ጠላት አስደግሞበታል። አራተኛ ምክንያት ቀፊራ ውስጥ የለም። አራተኛውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ፔርሙስ፣ ብርጭቆና ሳህን ነው የምሸጠው፤ «ጀማል የሚሸጠው ፔርሙስ ክዳን አለው፣ አፉ ግን የለውም» እያሉ ያሙኛል። እውነታቸውን ነው። በሕይወቴ የጠበቅሁት ምስጢር ይሄ አንዱ ብቻ ነው፤ አሁን የሚጎዳው ሰው ስለሌለ ልናገረው።

ዩሱፍን በደህናው ጊዜ ያላየ ሰው ውፍረት አየሁ ብሎ እንዳያወራ። «ኮንቴነር» ያልነው ከጅቡቲ ከሚመጣው ብረት ጋር አስተያይተን ነው፤ ያውም ከባለ አርባ ጫማው። ባጃጅ ውስጥ ሲገባ ባጃጇ የፊት ጎማዋን አንስታ እንደ በቅሎ ትቆማለች፣ ሹፌሩ ከሰማይ ጋር እየተያየ ይነዳታል። ፀሐይ ሲበረታ ሱቁ በር ላይ ከተቀመጠ ሦስት የቲማቲም ሻጮች ጥላው ውስጥ ይደረደራሉ፤ ፀሐይ ስትዞር እሱም ዞር እንዲልላቸው ይለምኑታል። ይዞርላቸዋል ደግሞ። አጋነንክ ለምትሉኝ፣ እሺ፣ ሁለት ናቸው።

ሩዝ፣ ቴምርና ቅመም ነበር የሚሸጠው። ከመዘነ በኋላ አንድ እፍኝ ይጨምራል፤ «ይሄ የኔ ነው፣ ከሚዛኑ ውጭ ነው» ይላል። እጁ ሳይጨምር መመለስ አያውቅም። ሚዛን ላይም፣ ትሪ ላይም።

ከስድስት ሰዓት በኋላ ድሬ ትዘጋለች። ሙቀቱ ሰውን ከመንገድ ጠርጎ ያስገባዋል። እኔ፣ ዩሱፍና ጨርቅ ሻጩ ሙክታር በሱቆቻችን መሀል ባለችው መተላለፊያ ምንጣፍ ዘርግተን እንቀመጣለን፤ ፋጤ ትሪውን ታመጣለች። ፋጤ ምግብ ቤት አላት ማለት ትልቅ ስም መስጠት ነው፤ ያላት ሁለት ድስትና አንድ መጥፎ ጠባይ ነው። ግን ሩዟ! ላዩ ላይ የፍየል ሥጋ፣ ዳር ዳሩን ሙዝ፣ ጥግ ላይ ቢስባስ የምንለው ዓይን የሚያስለቅስ የቃሪያ ማባያ። ዩሱፍ በዚያ ሰፊ እጁ ሥጋውን ከአጥንቱ እየለየ ወደኔና ወደ ሙክታር በኩል ይገፋል። «ብሉ አቦ፣ ነገ ሙቀቱ ሊገድለን ይችላል» ይላል። እሱ ሩዙን ይይዛል፤ ተራራውን ሜዳ ያደርገዋል። ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ እንደዚያ በላን፤ አንድ ቀን እንኳ ማን ስንት በላ ተባብለን አናውቅም።

ከዚያ እናቱ አረፉ።

በእኛ ልማድ እናትን ጉድጓድ ወርዶ የሚቀበላት ልጇ ነው። ከላይ ያቀብሉታል፣ ከታች እጁን ዘርግቶ ይቀበላል፣ በቀኝ ጎኗ ያስተኛታል፣ ፊቷን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ ይመልሳል። ልጅ ለወላጁ የሚያደርገው የመጨረሻው ነገር እሱ ነው። ዩሱፍ ደግሞ ያላቸው አንድ ወንድ ልጅ ነው። ጫማውን አውልቆ ወደ ጉድጓዱ ቀረበና አንድ እግሩን አወረደ። የኛ አፈር አሸዋ ስለሆነ ጠርዙ ከሥሩ መናድ ጀመረ።

«ወሪያ ዩሱፍ፣ ውጣ! ይደረመሳል!»

በብብቱ ይዘው አወጡት። በራስጌ በኩል ዞሮ እንደገና ሞከረ። ቆፋሪው ሽማግሌ በለሆሳስ፣ «ልጄ፣ አንተ ከገባህ ለሷ ቦታ አይኖርም» አለው። ሁለት የእህቱ ልጆች ወረዱ። ዩሱፍ ጠርዙ ላይ ቆሞ፣ እጁን ወደፊት እንደዘረጋ ቀረ። የሚያቀብለው ሰው ግን አልነበረም። እኔ ቀልድ የማጣ ሰው አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን አጠገቡ ቆሜ ጫማውን ያዝኩለት።

ሐዘኑ ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ከሱቁ ውስጥ ተጣራ። ጆንያ የሚመዘንበት ሚዛን ላይ ቆሟል።

«ጀማል፣ ና አንብብልኝ። ሆዴ ከልሎኝ ቁጥሩ አይታየኝም።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። «አንድ ኩንታል ከስድሳ ሦስት ኪሎ። በጅምላ ነው በችርቻሮ የምትሸጠው?»

አልሳቀም። ከሚዛኑ ወረደና ሚዛኑን በእግሩ ወደ ግድግዳው ገፋው። «አባቴ አርጅቷል» አለ። «እሱን የማወርደው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አያወርደውም።»

ቀስ ብሎ ነው የገባኝ። «እና ልትከሳ ነው?»

«ለማንም እንዳትናገር። የአባቱን ሞት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል ይሉኛል። አባቴ ጆሮ ከደረሰ ደግሞ...» ብሎ ተወው።

እውነቱን ነበር። ሰው በቁሙ ላለ አባቱ መቃብር እየተዘጋጀሁ ነው ብሎ የት ያወራል? አፌን በእጄ ያዝኩት። ዩሱፍ ግን ያን ቀን ከሰው ሁሉ እንደተለየ፣ እሱም እኔም አላወቅንም ነበር።

የሄደበት ሐኪም «ካሎሪ ቁጠር» ብሎታል። ስልኩ ላይ የሚቆጥር ነገር አስጫነ። ካሎሪ እኔ እንደገባኝ እያንዳንዱ ጉርሻ ውስጥ የሚኖር ትንሽዬ ጂን ነው፤ አይታይም፣ አንዴ ከገባ ግን አልወጣም ይላል። ችግሩ፣ ስልኩ አርባ ዓይነት አይብ ያውቃል፣ ፈጢራን አያውቅም። የግመል ወተት ሲሉት የላም ያመጣል። ስለዚህ ዩሱፍ ከሥር መሠረቱ ሊመዝን ተነሳ፤ ሄል የሚመዝንባትን ትንሽዬ ሚዛን በብብቱ ይዞ ፋጤ ኩሽና ገባ። እኔም ተከተልኩ። እንዲህ ያለ ነገር ያመልጠኛል?

«ፋጤ፣ ዘይቱን ድስቱ ውስጥ ሳትጨምሪው ልመዝነው።»

«ምኑን?»

«ዘይቱን።»

«ጉምሩክ ሆንክብኝ እንዴ? ዕድሜዬን ሙሉ በዓይኔ ነው የማፈሰው!»

«ዓይንሽ ስንት ግራም ነው?»

ማማሰያውን ይዛ እስከ ጠጅ ሣር ሻጮቹ ድረስ አባረረችን። ዩሱፍ ያን ጊዜ መሮጥ ስለማይችል እኔ ነኝ በሱ ፈንታ የተመታሁት። በኋላ ለምናት ፈቀደች። ዱቄቱን፣ ዘይቱን፣ እንቁላሉን፣ ማሩን ለየብቻ መዘነና ደመረ። ውጤቱን ሲያይ ምጣዱ አጠገብ ቁጭ አለ። «አንዷ ፈጢራ ግማሽ ቀኔን ወሰደችው» አለ፣ ሰው እንደከዳው።

ይሄ ሁሉ ቀላሉ ነበር። የከበደው ትሪው ነው።

ከአንድ ትሪ የሚበላ ሰው እንዴት ይቆጥራል? ሦስት እጅ ይገባል፣ ሦስት እጅ ይወጣል፤ የትኛው ሩዝ የማን ነው? መጀመሪያ በጣቱ ሩዙ ላይ መስመር አሰመረ። «ይሄ የኔ ነው፣ ከዚህ ወዲያ የናንተ» አለ። እኔ ድንበር ሳይ ያሳክከኛል፤ የድሬ ልጅ ነኝ። ዩሱፍን በወሬ ይዤ አንዲት የሰባች ቁራጭ ወደ ክልሉ አሻገርኩ። አያት። አነሳት፣ በትንሽዬዋ ሚዛን ላይ አስቀመጣት፣ ስልኩን ነካካ፣ ከዚያ መልሶ ወደኔ በኩል አኖራት። «ኮንትሮባንድ ነው፣ ተይዟል» አለ። ሳቅን። ከሱ ጋር ትሪ ላይ የሳቅነው የመጨረሻው ይመስለኛል።

ሙክታር ግን ነገሩን በሌላ ዓይን አየው። ሙክታር ማጉረስ ይወዳል፤ ሰው ካላጎረሰ የበላ አይመስለውም።

«እንካ፣ በሞቴ።»

«ሙክታሬ፣ ቆጥሬ ጨርሻለሁ።»

«ጉርሻ ይቆጠራል? ከእጄ አልበላም እያልክ ነው?»

ዩሱፍ ጎረሰ። ከዚያ ከራሱ ሩዝ ላይ በጉርሻው ልክ ወደኛ በኩል ገፋ። ሙክታር አየው፤ እጁን ታጠበና ተነሳ። በማግስቱ ዩሱፍ የራሱን ሳህን ይዞ መጣ፣ ምግቡን ሱቁ ውስጥ መዝኖ።

«ሳህን?» አለ ሙክታር። «ሆቴል ነው የገባነው? ወይስ ተጸየፍከን?»

«ወላሂ አይደለም።»

«እና ምንድን ነው?»

ዩሱፍ ወደኔ አየ። እኔ ወደ ሙዙ አየሁ። መልስ ነበረው፤ ሊናገረው አይችልም። ትንሽ ሰሞን ሳህኑን ይዞ አጠገባችን ይቀመጥ ነበር፤ ከዚያ ሱቁ በር ላይ፤ ከዚያ በሩን ግማሽ ድረስ ስቦ ውስጥ። ምሳ ሰዓት ላይ ከበሩ ሥር እግሩ ብቻ ይታየኛል። እግሩ ደግሞ በየጊዜው ይቀጥናል። ትሪው ላይ እኔና ሙክታር ከሁለት ጎን እንበላለን፤ የሱ ጎን ያለው ሩዝ ማንም ሳይነካው ይቀዘቅዛል።

ሲከሳ እንዴት ከሳ! በመጀመሪያ አልታወቀም፤ ከተራራ ላይ አንድ አካፋ ቢነሳ ማን ያውቃል? ከዚያ አንገት አወጣ። አንገት እንዳለው እናቱም የምታውቅ አይመስለኝም ነበር። ከዚያ ሸሚዙ ነፋስ ይሞላበት ጀመር፤ ነፋስ ሲነሳ ወደ ጅቡቲ ይዞት እንዳይሄድ እሰጋ ነበር። የቆዳው ትርፍ ክንዱ ላይ ተንጠለጠለ። «ኮንቴነር!» ብለን ስንጠራው አዳዲስ ደንበኞች ዞር ዞር ብለው ሌላ ሰው ይፈልጋሉ።

ገበያው አንሾካሾከ። ስኳር ነው፣ ሳንባ ነው፣ የሰው ዓይን ነው። ሴቶቹ ጥቁር አዝሙድ ከማር ጋር አምጥተው «በባዶ ሆድ ብላ» ይሉታል። ያመሰግንና ማሩን ይመዝነዋል። ዱቤ የሚሰጡት ጅምላ ነጋዴዎች እንኳ ሲያዩት ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ ጀመሩ። ሰው ሁሉ በደግነት ይርቀዋል፤ እንደዚያ ያለ መራቅ ደግሞ ለጠብ እንኳ አይመችም።

አንድ ቀን ሙክታር ወደኔ ሱቅ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። «ተቀይሜው ነበር፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ሰውየው እየሞተብን ነው። ዱዓ እናድርግለት።» ምን ልበል? «እናድርግለት» አልኩ።

ሙክታር ቤት ፍየል ታረደ። ገበያው በሙሉ መጣ። ዩሱፍን ለምን እንደሆነ ሳንነግረው ጠርተን መሀል አስቀመጥነው። ግራ ገብቶት ሲያየን ሼኹ እጃቸውን ዘረጉ።

«ያ አላህ፣ ከዚህ ወንድማችን በሽታውን አንሳለት!»

«አሚን!» አለ ቤቱ።

«የጠፋውን ሥጋውን መልስለት!»

«አሚን!» ቤቱ ተናወጠ።

ዩሱፍ ያንን ሥጋ ለማጥፋት ሁለት ረመዳን ታግሏል። እጁን እንደዘረጋ ወደኔ ዞሮ አየኝና፣ ቀስ ብሎ፣ «አሚን» አለ። ሽርጤን ነክሼ ሳቄን ዋጥኩ። አጠገቤ ያለው ሰው የማለቅስ መስሎት ትከሻዬን ዳበሰኝ። ምግቡ ሲቀርብ ትልቁን ብልት ፊቱ አደረጉለት። ሰው በሙሉ እጁን ሳይሰድ እሱን ይጠብቃል፤ አንድ ዓመት ያላጎረሰው ሙክታር ሥጋውን ጠቅልሎ እጁን ዘረጋ። ዩሱፍ አፉን ከፈተ። ሁሉንም በላ፣ እንደ ድሮው። ሰዉ «አልሐምዱሊላህ፣ ምግብ ፈለገ!» ተባባለ። ሲመሽ ዩሱፍ በደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ወርዶ፣ ጭርንቁስ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ከድልድይ ድልድይ ሲመላለስ አየሁት። ብቻውን ነበር። ልጠራው ፈልጌ ተውኩት።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን አባቱ ናቸው። አው ኢብራሂም መልካ ጀብዱ ውስጥ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ዓይናቸው ደክሟል። ዩሱፍ ጁምዓ ጁምዓ ይሄዳል፣ አንዳንዴ እኔም አብሬው እሄዳለሁ። አንድ ጁምዓ ክንዱን ያዙ።

«ይሄ የማን ክንድ ነው?»

«የኔ ነው አባ።»

«የልጄ ክንድ በሁለት እጄም አይያዝም ነበር። ሐኪሙ ምን አለህ?»

«ወላሂ ደህና ነኝ።»

«ከእናትህ ቀብር ወዲህ ነው። ደብቀኸኛል።» እጃቸውን ከክንዱ አላነሱም። «እኔን ሳታወርድ ቀድመኸኝ እንዳትሄድ። ሰማኸኝ?»

ዩሱፍ የአባቱን እጅ በሌላ እጁ ሸፈነው። አንድ ቃል ቢተነፍስ የአባቱ ጭንቀት ያበቃ ነበር። ግን ለአባት እንዴት ይነገራል? «ኢንሻአላህ አባ፣ አልቀድምህም» ብቻ አለ። ሽማግሌው የግመል ወተት በትልቅ ቅል አስመጡ፤ እስከ ሥሩ ጠጣላቸው፣ እየሰሙ እንዲደሰቱ ድምፅ እያሰማ። ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ስልኩን አውጥቶ መዘገበ። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ፣ «የዛሬ ራቴ እሱ ነበር» አለኝ።

አው ኢብራሂም ዘንድሮ አረፉ። ከዚህ በኋላ የምጽፈውን አላጋንንም።

ዩሱፍ ጫማውን አወለቀ። ጠርዙ ላይ ቁጭ ብሎ እግሩን አወረደ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ወረደ። አፈሩ አልተናደም። ከጎኑ ለሌላ ሰው ቦታ ነበር፤ የእህቱ ልጅ ልውረድ ሲል በእጁ ከለከለው። ቀና ብሎ እጁን ዘረጋ። አቀበልነው። ብቻውን ተቀበለ፣ ብቻውን አስተኛ፣ ፊታቸውን መለሰ፣ ከጉንጫቸው ሥር አፈር አደላደለ። ቆየ። ማንም ቶሎ በል አላለውም። ሙክታር ጆሮዬ ላይ፣ «ይሄ በሽተኛ ሰውዬ አቅሙን ከየት አመጣው?» አለኝ። ዩሱፍ ሲወጣ የማንንም እጅ አልያዘም።

ሐዘኑ አልፎ ወደ ሱቁ ሲመለስ እኔ ተስፋ አድርጌ ነበር። የፈለገው ሆኖለታል፤ አሁንስ ወደ ትሪው ይመለሳል አልኩ። ሙክታር ራሱ ምንጣፉን ዘርግቶ፣ የዩሱፍን ጎን በእጁ ጠርጎ ጠበቀው። ዩሱፍ መጣ፣ ቁጭ አለ፣ እጁን ወደ ሩዙ ሰደደ። እጁ አየር ላይ ቀረ። ከየት ጀምሮ እስከ የት የሱ እንደሆነ ያጣ ይመስል ነበር። «ጠግቤያለሁ» አለና ተነሳ። ብዙም ሳይቆይ ሱቁን ለእህቱ ልጅ ሰጥቶ መልካ ጀብዱ የአባቱ ቤት ገባ።

ከረምረም ብሎ ልጠይቀው ሄድኩ። ጓሮው ተጠርጓል፣ ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ከሱ በቀር ድምፅ የለም። ትዳሩ ድሮ ፈርሷል፣ ልጅ የለውም። ሁለት ሳህን አቀረበ፤ አንዱን ለኔ፣ አንዱን ለራሱ። ፊት ለፊት ተቀምጠን በየሳህናችን በላን። እኔ ስለ ሙክታር፣ ስለ ፋጤ ሳወራ ይስቃል።

«ዩሱፍ» አልኩት በመጨረሻ፣ «አባትህን አወረድክ። አሁን ለማን ነው የምትቆጥረው?»

«ለናንተ።»

«ለኛ?»

«ልጅ የለኝም። እኔን የምታወርዱኝ አንተና ሙክታር ናችሁ። ሙክታር ወገቡን ያመዋል፣ ከባድ ነገር አያነሳም። አንተ ደግሞ...» ከላይ እስከ ታች አየኝ። እሱ ከሄደ ወዲህ የሦስት ሰው ሩዝ ለሁለት ነው የምንጨርሰው። ትንሽ ፈገግ አለ። «አንተ አትገባም።»

በሕይወቴ ቀልድ የቀደመኝ ሰው እሱ ብቻ ነው። ሚኒባሱ ድሬ እስኪደርስ ድረስ መልስ ስፈልግ ቆየሁ፤ ትከሻዬ የጎረቤቴን ወንበር ግማሽ ይዞ ነበር።

ትላንት ምሳ ሰዓት ላይ ሱቄ ውስጥ ሆኜ ደወልኩለት።

«አንድ ጭልፋ ሩዝ ስንት ነው?» አልኩት።

«በማን ጭልፋ?»

«በፋጤ።»

ከወዲያ ስልኩን ሲነካካ ተሰማኝ። ከውጭ ሙክታር፣ «ጀማል! ና እንጂ፣ ሩዙ ቀዘቀዘ!» ይላል።

«እሱ ብዙ ነው» አለ ዩሱፍ። «ሳህን አለህ?»

«ከመደርደሪያው አንድ አውርጃለሁ።»

«በል ስልኩን አትዝጋው። እኔም አሁን ልበላ ነበር። ቀስ ብለህ ብላ፤ እቆጥርልሃለሁ።»